የሙዚቃ ምርጫችን ለየቅል ነው፤ ኮንሰርት ግን አብረን ነው የምንሄደው። እቁባችን ይፍረስ ወይስ ይቀጥል?

ቪብራፎን (ሰኞ፣ ማታ 3:10)

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል። እኔን ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ከንክኖኛል።

አራት ጓደኛሞች ነን፤ ሁለት ሴት፣ ሁለት ወንድ። የተዋወቅነው ስድስት ኪሎ ተማሪ ሳለን ነው። አሁን ሁላችንም ሥራ ይዘናል፤ እንደ ድሮው በየቀኑ አንገናኝም። ሁላችንም ሙዚቃ እንወዳለን። ግን አንድ ዓይነት ሙዚቃ አንወድም። አንደኛው ሮክ ነው ነፍሱ፤ ጊታር ካልጮኸ ሙዚቃ የተጀመረ አይመስለውም። ሁለተኛው ሮፍናን በ2010 «ነፀብራቅ»ን ካወጣ ወዲህ ኤሌክትሮኒክ ሆኗል፤ መኪናው ውስጥ ሌላ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ሴቷ ጓደኛዬ የጎንደር ልጅ ናት፤ ማሲንቆ ካለ ሌሊቱን ሙሉ ትቀመጣለች። እኔ ጃዝ ነኝ። ሙላቱ አስታጥቄ ቪብራፎኑን፣ ያንን በበትር የሚመታ የብረት መሣሪያ፣ ሲመታ የሆነ ነገር ውስጤ ይቀልጣል።

የዛሬ አራት ዓመት አንድ መላ አመጣን፤ የኮንሰርት እቁብ። በየወሩ እያንዳንዳችን 1,000 ብር እንጥላለን፤ በየሁለት ወሩ ዕጣ ይወጣል። ዕጣው የደረሰው ሰው የሚኬድበትን ይመርጣል፤ ከተጠራቀመው ለአራታችንም ቲኬት ይገዛል። የተረፈው ለራትና ለትራንስፖርት ነው። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፦ «አልወደውም» ብሎ መቅረት አይቻልም።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ዕጣው የእኔ ነበር። አንድ ሆቴል ውስጥ የጃዝ ምሽት ነበር፤ የፊት ጠረጴዛ ያዝኩ። ሮከሩ ከገባ ጀምሮ ስልኩ ላይ ነው። እኔ አየሁ፤ ዝም አልኩ። ከዚያ ሌሎቹ መሣሪያዎች ጸጥ ብለው ባሱ ብቻውን ቀረ። ለእኔ የምሽቱ ልብ እዚያ ጋ ነበር። እሱ ከስልኩ ቀና ብሎ «መቼ ነው የሚጀምረው?» አለኝ። እየቀለደ አልነበረም። ፊቱን አይቼዋለሁ።

መልስ አልሰጠሁትም። ከቦሌ እስከ አራት ኪሎ ራይድ ውስጥ ማንም አልተናገረም። በማግስቱ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «ሁሉም የሚወደውን ለየራሱ ቢሰማ ይሻላል፤ እቁቡን እንበትነው» ብሎ ጻፈ። ሌሎቹ መልስ አልሰጡም፤ እኔን እየጠበቁ ይመስለኛል።

እናንተ ምን ትላላችሁ? የማይወደውን ሙዚቃ እንዲሰማ ጓደኛን ይዞ መሄድ ልክ ነው? ወይስ እሱ እንዳለው ይሻላል?

ቤዝ ጊታር (ሰኞ፣ ማታ 3:42)

እኔም ሮክ ሰሚ ነኝ፤ ስለዚህ ለጓደኛሽ ትንሽ ላዳላ።

አዲስ አበባ ውስጥ ሮክ መውደድ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ ደስታዬን የማካፍለው ሰው አልነበረኝም። ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር፤ በአማርኛ ሮክ በዚያ ደረጃ ሲሠራ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ጓደኞቼን ላይቭ ይዣቸው ሄድኩ። የሰማሁት መልስ «ለምንድን ነው የሚጮኹት?» የሚል ብቻ ነው። አንዱ በሦስተኛው ዘፈን ላይ «ውጭ እጠብቅሃለሁ» ብሎ ወጣ። ጊታሩ የሚጫወተው ባቲ ቅኝት እንደሆነ ላሳየው ነበር የፈለግኩት። አልቻልኩም።

ስለዚህ እኔም ልጠይቅሽ። ዕጣው የእሱ ሲሆን አንቺ እንዴት ነበር የምትሰሚው?

በእቁቡ ጉዳይ ግን እኔ ይበተን ነው የምለው። ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ ጓደኛ አለኝ። ኮንሰርት አብረን ሄደን አናውቅም። እሱ የሚወደውን ሰምቶ ይወጣል፤ እኔ የምወደውን ሰምቼ እወጣለሁ። ከዚያ ሌሊት ጥብስ እንበላለን፤ ያየነውን እናወራለን። ምንም የጎደለብን የለም።

ማሲንቆ ቤት (ሰኞ፣ ማታ 4:05)

አይበተን! እባካችሁ። እንዲህ ያለ እቁብ ሰምቼም አላውቅ። ዳኛ ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ከሂፕሆፕ ውጭ ሙዚቃ የለም የሚል ጓደኛ ነበረኝ። በ2009 አካባቢ ካዛንቺስ ፈንዲቃ ይዤው ሄድኩ። መላኩ በላይ ይጨፍርበት የነበረ አዝማሪ ቤት፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጓደኛዬ ግድግዳውን ተደግፎ እጁን አጣጥፎ ቆመ። ለመሄድ ሰዓት እየቆጠረ እንደነበር አውቃለሁ።

ከዚያ አዝማሪው እየዞረ ሰውን ማወደስ ጀመረ። እኛ ጋ ደረሰ። ለጓደኛዬ በጆሮው «ግጥም ስጠው፤ ‹ተቀበል› በለውና ስጠው» አልኩት። «እኔ?» አለ። ራፕ ይጽፋል እኮ፤ ግጥም አያንሰውም። ትንሽ አሰበና «ተቀበል!» አለ።

«ከሩቅ ስሰማሽ ጩኸት መስለሽኝ፣
ቀርቤ ሳዳምጥ አንቺ አስለቀስሽኝ።»

ለማሲንቆዋ ነው። አዝማሪው ተቀበለው፤ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። አዝማሪው ግጥሙን እየደጋገመ ሲዘፍነው የጓደኛዬ እጅ ተፈታ። የራሱን ቃል በሌላ ሰው ድምፅ፣ በማሲንቆ እየሰማ ነው። ከዚያ በኋላ ራሱ ነበር «መቼ ነው የምንሄደው?» እያለ የሚጠይቀኝ። በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ፣ ፈንዲቃም ሲሄድ፣ መጀመሪያ የደወለልኝ እሱ ነው። ለረጅም ጊዜ ሁለታችንም አልተናገርንም።

ልዩነቱ ይሄ ነው እህቴ። አዝማሪ ቤት እንግዳ የሚሠራው ሥራ አለው። ግጥም ይሰጣል፣ ትከሻውን ያነቃንቃል፣ ይሸልማል። ጃዝ ላይ ግን ዝም ብለሽ አስቀመጥሽው። ምን እንደሚያደርግ ማን ነገረው?

ቪብራፎን (ሰኞ፣ ማታ 4:31)

@ቤዝ ጊታር ጥያቄህ ልክ ነው፤ መልሱ ግን ያሳፍረኛል። ባለፈው ዓመት የእሱ ተራ ሲሆን ከኋላ ግድግዳው ጋ ተቀመጥኩ። ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ከተትኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከሌላ ጓደኛዬ ጋር በቴክስት ሳወራ ነበር። «ሄጃለሁ እኮ» ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። እስከዛሬ ከእሱ ጥፋት ጋር አስተያይቼው አላውቅም።

@ማሲንቆ ቤት ምንም አልነገርኩትም። ጃዝ በራሱ ይገባዋል ብዬ ነው። እኔን ግን በራሱ አልገባኝም ነበር። የመጀመሪያ ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው የጃዝ ክለብ፣ ጃዝ አምባ ይዞኝ ሲሄድ አጠገቤ ተቀምጦ «አሁን ከበሮውን ብቻ ስሚ፤ አሁን ባሱን» እያለ ነው ያሰማኝ። ጥር 2007 ሆቴሉ ሲቃጠል ጃዝ አምባም አብሮ ሄደ፤ በማግስቱ ሁለታችንም ሄደን አጥሩ ጋ ቆመን ነበር። ወንድሜ ለእኔ ያደረገልኝን እኔ ለጓደኛዬ አላደረግኩም።

ሳውንድ ቼክ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:15)

እኔ የድምፅ ባለሙያ ነኝ፤ ለባንዶች ሚክስ አደርጋለሁ። ጓደኛሽ «መቼ ነው የሚጀምረው?» ያለሽ ለመናቅ አይደለም። ይህንን ጥያቄ ከተመልካች ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

የእኛ ጆሮ ዘፋኝ ይጠብቃል። ሙዚቃችን ከቃል ጋር ነው ያደገው። ሰውን የሚይዘው ግጥሙ ነው፤ ሰምና ወርቁ ነው። መሣሪያ ብቻውን ሲጫወት የምንሰማው የት ነው? ሠርግ ላይ ሰው ራት እየበላ፣ ዘፋኙ መድረክ እስኪወጣ። ሬዲዮ ላይ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም መሸጋገሪያ። እነዚያን የመሰሉ የመሣሪያ ሥራዎች ዜና ሥር ተነጥፈው ነው የኖሩት። ስለዚህ ባንዱ ያለ ዘፋኝ አንድ ሰዓት ሲጫወት ጓደኛሽ ሰውዬው እስኪወጣ እየጠበቀ ነበር። ከልቡ እየጠበቀ ነበር።

አንድ ቀላል ነገር ንገሪው። ጃዝ ላይ ዘፋኙን የሚተካው ዜማው ነው። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ላይ ዜማውን ይጫወታሉ። ከዚያ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ በዚያ ዜማ መንገድ ላይ የራሱን ይናገራል። መጨረሻ ላይ ዜማው ይመለሳል። ጓደኛሽን አንድ ሥራ ብቻ ስጪው፦ «ዜማው ሲመለስ ንገረኝ።» ይህንን የያዘ ሰው ስልክ አያወጣም። እየጠበቀ ነዋ።

ለሙላቱ ሥራ ደግሞ ይህ የበለጠ ይቀላል። ዜማዎቹ በእኛው ቅኝት ነው የተሠሩት። ሰውዬው ጅማ ተወልዶ፣ ዌልስና ለንደን ተምሮ፣ ቦስተን በርክሊ ደርሶ ነው የተመለሰው። ይዞ የመጣው ግን የእኛኑ አምስት ድምፅ ነው። ትዝታን የሚያውቅ ጆሮ ዜማው ሲመለስ አይስተውም።

ስለ ጥጡም አንድ ነገር ልበል። ጆሮን መጠበቅ ነውር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ የኮንሰርት ድምፅ በአማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይመክራል። እኛ ጋ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። ግን ጥጥ አትጠቀሙ። ጥጥ ቀጭኑን ድምፅ ያፍናል፤ ወፍራሙን ያስገባል፤ ሮኩ ጉምጉምታ ብቻ ይሆናል። ለሙዚቃ ተብሎ የተሠራ የጆሮ መሰኪያ አለ፤ ሁሉንም እኩል ዝቅ ያደርጋል። መድረክ ላይ ያሉት ራሳቸው ያደርጉታል። ቦታችሁንም ምረጡ። ከስፒከሩ ፊት አትቁሙ። እኔ ሚክስ የማደርግበት ጠረጴዛ አካባቢ ቁሙ፤ ድምፁ የሚስተካከለው እዚያ ለቆመ ጆሮ ነው።

ቤዝ ጊታር (ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:40)

«ዘፋኙን እየጠበቀ ነበር» የሚለው ገባኝ። እኔም የመጀመሪያ ቀን እንደዚያ ነበርኩ።

ድሬ ልጅ (ማክሰኞ፣ ቀን 6:20)

እኛ ጋ ደግሞ ልዩነቱ ቋንቋ ነው። ድሬ ስታድግ የጓደኞችህ ቤት በአምስት ቋንቋ ይዘፈናል። ዓሊ ቢራ ራሱ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በአረብኛ ዘፍኗል። ስለዚህ ያልገባህን ቋንቋ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም።

አዲስ አበባ ከመጣሁ በኋላ ግን ኦሮምኛ የማይሰማ ጓደኛዬን ኮንሰርት ወሰድኩና ስህተት ሠራሁ። በየስንኙ ጆሮው ላይ ተርጓሚ ሆንኩበት። እሱም አልሰማ፣ እኔም አልሰማሁ። አሁን ከመሄዳችን በፊት ቡና እየጠጣን የሁለት ወይም የሦስት ዘፈን ግጥም እነግረዋለሁ። እዚያ ስንደርስ ዝም። ዘፈኑ ሲመጣ ብቻ ክርኔን ነካ አደርገዋለሁ፤ «ይሄ ነው» ማለቴ ነው። ዓሊ በ2015 ሲያርፍ ያ ጓደኛዬ ግጥሙን በቃሉ ይዞ አገኘሁት። ቋንቋውን አሁንም አይናገርም።

ነጠላ (ማክሰኞ፣ ቀን 7:05)

አጭር ምክር፦ ዐቢይ ጾም ላይ ዕጣ አታውጡ። እኛ አንዷ ጓደኛችን 55ቱን ቀን ጭፈራ ቤት አትገባም፤ ለእሷ ስንል ለፋሲካ ማግስት እናደርገዋለን። ደግሞም ዋና ዋናዎቹ ኮንሰርቶች የሚበዙት ያኔ ነው። ሌላው ጓደኛችን ፕሮቴስታንት ነው፤ ዘፈን አይሰማም። የእሱ ተራ ሲሆን የመዘምራን ዝግጅት ይወስደናል። አንድ ጊዜ የስልሳ ሰው ኅብረ ዝማሬ ሰምተን ከአዳራሹ ስንወጣ ለአፍታ ማንም ማውራት አልቻለም።

ሲልቨር ስፕሪንግ (ማክሰኞ፣ ማታ 5:50)

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። ቪብራፎን፣ ያንቺ ታሪክ የእኔና የልጄ ታሪክ ነው። ጓደኛዬ ማለት እችላለሁ፤ አሁን 17 ዓመቱ ነው።

እዚህ የሐበሻ ኮንሰርት ቲኬቱ ላይ ማታ አራት ሰዓት ይላል፤ ዘፋኙ መድረክ የሚወጣው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። በየጁላይ መጀመሪያ የሰሜን አሜሪካ የኳስ ውድድራችን ሲደርስ፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ያለው ማለቴ ነው፣ አራት ሌሊት በተከታታይ እንዲህ ይታደራል። ልጄን አንድ ጊዜ ወሰድኩት፤ ወንበር ላይ ተኛ። እኔ ተቆጣሁ። እሱ ደግሞ «አባዬ፣ አንተ የእኔን ሰምተህ ታውቃለህ?» አለኝ።

የእሱ ዘ ዊኬንድ ነው፤ አቤል ተስፋዬ። ስታዲየም አብሬው ሄድኩ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው በዙሪያዬ አላየሁም። ልጄ በመንገድ ላይ «ዘ ሂልስ» የሚለውን ዘፈን መጨረሻ አሰማኝ። በአማርኛ ነው የሚያበቃው፤ የፍቅር ቃል ነው። ቶሮንቶ የተወለደ ልጅ፣ ዓለም በሙሉ በሚሰማው ዘፈን ላይ፣ በአማርኛ። ልጄ «ምን እያለ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ተረጎምኩለት። ልጄ አማርኛ ተርጉምልኝ ሲለኝ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። መኪናውን ዳር አቁሜ ሦስት ጊዜ ሰማነው።

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እዚሁ ዋሽንግተን ነው ያለው። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሲመጣ አብሮ መጥቶ ቀረ። ለዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ደንበኛ እስኪመጣ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር። የድሮ ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ወጣና ዓለም መድረክ ላይ መለሰው። ይህንን ለልጄ የነገርኩት ወደ ኮንሰርቱ ስንሄድ ነው፤ ኤርፖርት መንገድ ላይ የታክሲ ሰልፍ እያየን። እዚያ ስንደርስ የሞላው የፈረንጅ ወጣት ነው፤ የኦርጋኑን ዜማ በአፋቸው ይከተላሉ። ልጄ ዞር ብሎ አየኝ፤ «እነዚህ ሁሉ ያውቁታል?» አለኝ። እኔ ራሴ ያንን ካሴት በእኛ አቆጣጠር በ70ዎቹ መጨረሻ ቤታችን ውስጥ የሰማሁት እንጀራ ሲጋገር ነበር።

እንግዲህ አልወደደው ይሆናል፤ አልጠየቅኩትም። ወንበር ላይ ግን አልተኛም።

ሸላይ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3:30)

ቪብራፎን፣ ሮክና ጃዝ የተገናኙበት ነገር ላሳይሽ። ጌታቸው መኩሪያ። ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን የተጫወተው ሰው። መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ ይወጣ ነበር። ሳክስፎኑ በጦር ሜዳ የሚፎክር ሰው ነው የሚመስለው።

ዚ ኤክስ የሚባል የሆላንድ ፓንክ ሮክ ባንድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተ። 25ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ጌታቸውን አምስተርዳም ጋበዙት። እሱ ሰማቸው፤ ከዚያ አጅቡኝ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞዓ አንበሳ»ን አብረው አወጡ። አስቡት፤ ሰባኛ ዓመቱን የያዘ የአዲስ አበባ ቲያትር ቤት ሳክስፎኒስት ከፓንክ ጊታር ጋር። ጌታቸው ስልቱን አልለወጠም፤ እነሱም ጊታራቸውን አልቀነሱም። ያው ሽለላ ነው፤ ያው ጩኸት ነው። በ2008 እስኪያርፍ ድረስ አብረው ብዙ መድረክ ሠርተዋል።

ይህንን ከጓደኛሽ ጋር ሆናችሁ ስሙት። ኮንሰርት ሳይሆን መኪና ውስጥ፤ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ።

ጊዮርጊስ አካባቢ (ረቡዕ፣ ማታ 1:45)

ልጄ ቪብራፎን፣ ጽሑፍሽን የልጅ ልጄ አንብባልኝ ነው የምመልስልሽ፤ የምትጽፍልኝም እሷው ናት። ዕድሜዬ 74 ነው። ጓደኛዬ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል።

እኔ የጥላሁን ነኝ። እሱ የማህሙድ ነው። በእኛ ጊዜ ይህ እንደ ኳስ ቡድን ነበር። ሁለቱም ከክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ የወጡ፣ እርስ በርስ የሚዋደዱ ሰዎች ናቸው፤ እኛ ግን በስማቸው እንጣላ ነበር። እኔ «ጥላሁን ሲዘፍን ያለቅሳል፤ ያንተው ያስጨፍራል እንጂ ምን ይላል?» እለው ነበር። እሱም ማህሙድ መርካቶ ጫማ እየጠረገ አድጎ፣ አሪዞና ክለብ ተላላኪ ሆኖ ጀምሮ መድረክ መድረሱን እየነገረኝ «የእሱን መንገድ ማን ሄደው?» ይለኝ ነበር። እንዲህ ስንል አርባ ዓመት አለፈ።

ሚያዝያ 2001 ጥላሁን ሲያርፍ ይህ ጓደኛዬ ቤቴ መጣ። ምንም አላለም። ቴፑን ከፈተና የጥላሁንን ካሴት ከተተ። እስኪያልቅ አብሮኝ ተቀመጠ፤ ገልብጦ ሁለተኛውን ገጽ አጫወተ፤ ከዚያ ሄደ።

ጥር 2017 ማህሙድ በሚሊኒየም አዳራሽ ሲሰናበት ተራው የእኔ ነበር። ጓደኛዬ ጉልበቱን ያመዋል። ከመኪናው እስከ መቀመጫው ክንዱን ይዤ ወሰድኩት። በዙሪያችን ሁሉ ወጣት ነው። ማህሙድ በ83 ዓመቱ መድረክ ሲወጣ ጓደኛዬ ባርኔጣውን አወለቀ። ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ምሽቱ እስኪያልቅ መልሶ አላደረገውም። እኔ መድረኩን ሳይሆን እሱን ነበር የማየው። ከንፈሩ እያንዳንዱን ቃል ይከተላል። አንድም ቃል አልሳተም። አርባ ዓመት ስከራከረው እንደዚህ እንደሚያውቀው አላውቅም ነበር።

የሙዚቃ ጉዳይ ከሆነ አሁንም የጥላሁን ነኝ። ጓደኛሽን ይዘሽው ሂጂ።

ማሲንቆ ቤት (ረቡዕ፣ ማታ 2:10)

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎ። ባርኔጣው ከዓይኔ አልጠፋም።

ቤዝ ጊታር (ረቡዕ፣ ማታ 2:26)

ይበተን ያልኩትን አንስቻለሁ። ጋሼን ካነበብኩ በኋላ ለዚያ ጓደኛዬ ደወልኩ። በሚቀጥለው ወር እሱ የሚሄድበት አብሬው እሄዳለሁ።

ቪብራፎን (እሑድ፣ ማታ 4:00)

ተመልሻለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ለልጅ ልጅዎም ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

ዓርብ ከሥራ በኋላ ሮከሩ ጋ ደወልኩ። አራት ኪሎ ተገናኘን፤ መኪናው ውስጥ ተቀመጥን። መጀመሪያ ስለ ጥጡ ነገርኩት። «አይቼሽ ነበር» አለኝ። «ያኔ ከመድረኩ ፊት ዞር ብዬ አየሁሽ። የምትወጂው ዘፈን እንዲመጣ እጠብቅ ነበር፤ ለአንቺ ብዬ ያሰብኩት አንድ ነበር። ሲመጣ ጽሑፍ እየጻፍሽ ነው።» ዓመት ሙሉ ይህንን አልነገረኝም።

ስለ «መቼ ነው የሚጀምረው» ጠየቅኩት። ሳውንድ ቼክ፣ ልክ እንዳልከው ነው። ዘፋኙ ዘግይቶ ነው ብሎ ነው። ፊቴን ሲያይ ስህተት እንደተናገረ ገባው፤ ምን ብሎ እንደሚያስተካክለው ግን አላወቀም። በማግስቱ «እንበትነው» ያለው እኔን ላለማሳፈር ነበር። በድጋሚ የእኔን ምሽት እንዳያበላሽብኝ።

ከዚያ የጌታቸውን ከዚ ኤክስ ጋር ከፈትን። ሁለቱ ጊታሮች ሲገቡ መሪውን በሁለት እጁ ያዘው። «ይሄ እኮ ሮክ ነው!» አለ። «ሽለላ ነው» አልኩት። እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመረው።

ከእሱ በኋላ የሙላቱን አንድ ሥራ ከፈትኩ። «አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ» አልኩት፤ «ይህንን ዜማ ያዘው። ይሄዳል። ሲመለስ ንገረኝ።» ዓይኑን ጨፈነ። ሳክስፎኑ ሄደ። ቪብራፎኑ ተቀበለው። ውጭ ታክሲ ረዳቱ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ይላል። ባሱ ብቻውን ቀረ። ያኔ ሆቴሉ ውስጥ እንደሆነው። እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ጣቱን አነሳ። «ተመለሰ» አለኝ።

ሳውንድ ቼክ (እሑድ፣ ማታ 4:12)

ዕጣው ወጣ?

ቪብራፎን (እሑድ፣ ማታ 4:15)

ዛሬ ከሰዓት አወጣን። ለጎንደሯ ልጅ ደርሷታል። ቅዳሜ አዝማሪ ቤት ነን። ሮከሩ ከአሁኑ ግጥም እየጻፈ ነው።